ማደንና ማዳን

ልጆች ሆይ፤ በፊደል ገበታ ላይ ደ ግዕዝ ነው፥ ዳ ደግሞ ራብዕ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት እግር መርዘም ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያች እግር ምክንያት ‹ማደን› የነበረው ቃል ‹ማዳን› ይሆናል። ማደን አውሬ ተከትሎ መግደል ነው፤ ማዳን ግን ሰውን ከሞት ማውጣት ነው። የሠሪውን ስም በጻፍን ጊዜ ደግሞ ይህችም ልዩነት ትጠፋለች። አውሬ የሚገድለውም አዳኝ ተብሎ ይጻፋል፥ ነፍስ የሚያተርፈውም አዳኝ ተብሎ ይጻፋል። አንባቢው አጥብቆ ወይም አላልቶ በማንበብ ካልለየው በቀር ወረቀቱ አይለየውም።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። አውሬ የሚያድን ሰው ክብሩ ሊለካ የሚገባው በገደለው ብዛት ሳይሆን በአደኑ ምክንያት በጠገበው ረኀብተኛ ብዛት ነው። በአገራችን ግን ብዙ ዘመን የተለካው በሌላ መስፈሪያ ነበር።

ቀድሞ ዝሆን፥ አንበሳ፥ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ታላቅ ክብር ነበረው። ከበረሃ ሲመለስ ዘመዶቹ በእልልታ ይቀበሉት ነበር፤ ራሱን ቅቤ ይቀቡት ነበር። እርሱም ግዳዩን አስቀምጦ ይፎክር ነበር። አንበሳ የገደለ ሰው ከአንበሳው ጎፈር የተሠራ ጌጥ በራሱ ላይ ያደርግ ነበር። በየድግሱም ከፍ ካለው ስፍራ ይቀመጥ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሥጋ ግን ማን በላ? ዝሆኑን ደገኛ አይበላውም፤ አንበሳውንም እንዲሁ። ጥርሱ ለነጋዴ፥ ጎፈሩ ለፎካሪው ሆነ፤ ሥጋው ለጅብና ለጥንብ አንሣ ተረፈ። በዚያው ሰሞን በሰውዬው ደጅ የሚለምን ድኃ አልታጣ ይሆናል፤ ነገር ግን በፉከራው ውስጥ የድኃው ስም አይጠራም። አባቶቻችንን ልነቅፍ አይደለም። ከብቱን አንበሳ የበላበት ሰው አንበሳውን ቢገድል ማን ይፈርድበታል? የምነቅፈው መስፈሪያውን ነው። በዚያ መስፈሪያ ሲሰፈር ኖሮ እነሆ ዛሬ ዝሆን በአገራችን በጥቂት ስፍራ ብቻ ቀርቶአል፤ በባቢሌ፥ በማጎ፥ በጨበራ ጩርጩራ፥ በቃፍታ ሽራሮና በመሳሰሉት ማለት ነው። በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ዋልያም ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የዔሳውን ታሪክ የምታውቁ አላችሁ። ዔሳው አዳኝ ነበር። አንድ ቀን ከዱር ደክሞና ተርቦ ሲመጣ ወንድሙ ያዕቆብ የምስር ወጥ ሠርቶ አገኘው። ስለዚያም ወጥ ብኵርናውን ሸጠ። መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ብኵርናውን ያቃለለውን ዔሳውን ይወቅሳሉ፥ ደግም ነው። እኔ ግን ያዕቆብንም አልተወውም፤ የተራበ ወንድሙ እህል ቢለምነው ዋጋ ጠየቀ። ዳግመኛም ልብ በሉ፤ አዳኙ ከዱር በባዶ እጁ በተመለሰ ጊዜ ከረኀብ ያወጣው ምስር ነው። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ባሕር ተሻግረን ወደ አሜሪካ እንሂድ፤ በዚያ አገር አዳኞች ረኀብተኞችን ለመመገብ ማኅበር ሠርተዋልና። በዚያ አገር ዱር አጋዘን የሚመስል እንስሳ አለ፤ ቀንዱ በየዓመቱ እየወደቀ እንደ ገና ይበቅላል። ከመቶ ዓመት በፊት አዳኞች ስለ ፈጁት ቁጥሩ ከ5 መቶ ሺህ እንደማይበልጥ ተገምቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕግ ወጥቶ ማደኛው ወራት ተወሰነ፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። ተኵላውና ሌላው አውሬ በብዙ ስፍራ ስለ ጠፋ አጋዘኑን የሚቀንሰው የለም፤ የገበሬውን አዝመራ ይበላል፥ መንገድ ሲሻገርም ከመኪና ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መንግሥት በየዓመቱ ለአዳኞች ፈቃድ ይሰጣል። አዳኙም ለቤቱ የሚበቃውን ካገኘ በኋላ የሚተርፈው ሥጋ አለ።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ቨርጂኒያ በሚባለው ግዛት የተረፈውን ሥጋ ለድኆች የሚያደርስ የአዳኞች ማኅበር ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሜሪላንድ ግዛት ሪክ ዊልሰን የተባለ ሰው ሌላ ማኅበር አቆመ። የዚህን ሰው ነገር ጥቂት ልንገራችሁ። ሰውዬው ለአደን ሲሄድ አንዲት ሴት በመንገድ ዳር ቆማ እንዲረዳት በእጅዋ ጠቀሰችው። ቀርቦ ቢያይ መኪና የገጨው አጋዘን ወድቆአል፤ እርስዋም በመኪናዋ ላይ ልትጭነው ትታገላለች። እንዲህ ያለውን እንስሳ ያለ ፈቃድ መውሰድ ሕግ እንዳይከለክል ጠየቃት። እርስዋ ግን ልጆችዋም እርስዋም እንደ ተራቡ ነገረችው። ሰውዬው ዝም ብሎ አብሮአት አንሥቶ ጫነላት። ይህ ነገር ከልቡ ስላልወጣ ማኅበሩን መሠረተ ይባላል።

ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው። አዳኙ የገደለውን አጋዘን በማኅበሩ ወደ ተመረጠ ሥጋ ቤት ይወስዳል። ሥጋ ሻጩ ገፍፎ፥ አጥንቱን ለይቶ፥ ፈጭቶ በትንንሽ ከረጢት ያደርገዋል። የሥጋ ሻጩን ድካም ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት ገንዘብ ያዋጡ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሥጋው ለድኆች ምግብ ወደሚታደልበት ቤት ይሄዳል። ከአንድ አጋዘን 20 ኪሎ ያህል ሥጋ ይወጣል፤ ይህም ወደ 200 ለሚጠጋ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ይበቃል። በዚህ ሥራ ውስጥ አዳኙ ብቻውን አይደለም፤ የሚያርደው፥ ገንዘብ የሚያዋጣው፥ የሚያጓጉዘውና የሚያድለው ሁሉ አለበት። ስለዚህም ፉከራው ቢመጣ ለማን እንደሚሆን አይታወቅም። ይህ ደስ ይለኛል።

ነገር ግን ስጦታም ይመረመራል። በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ሰሜን ዳኮታ በሚባለው ግዛት አንድ ሐኪም ለድኆች በተሰጠው የአደን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ፍንጣሪ አገኘ። ጥይቱ በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ሲፈነዳ የበተነው ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ የምግብ ቤቶቹ ያንን ሥጋ እንዲጥሉት ተነገራቸው። ብዙዎች አዳኞች አዝነው ነበር፤ በበጎ ልብ ሰጥተዋልና። በጎ ልብ ግን መርዙን ከሥጋው አያወጣም። ለድኃ የሚሰጥ እህል ለገዛ ልጅ እንደሚሰጥ ሆኖ ካልታየ በመስጠቱ ጊዜ ሰጪው ደስ ይለዋል፥ ተቀባዩ ግን ይታመማል።

እንግዲህ በሲሪንቃ የምትኖሩ ልጆች፦ እኛስ እንዲህ ብናደርግ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ አገር ናት፤ ምድርዋም ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። በእርሻችን ዳር የሚታየው የዱር እንስሳ ምንድር ነው? ድኩላ አልፎ አልፎ፤ ሚዳቋ፤ ቆቅና ጅግራ፤ ዝንጀሮና ጃርት። ከእነዚህ የሚበላው ጥቂት ነው። አንዲት ሚዳቋ የአንድ ግቢ ሰው እራት አትሆንም። ደግሞም በ1999 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 541 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱን የውጭ አገር ሰው ሊያውቀው አይችልም። በወሎ ክርስቲያንና እስላም አንድ ውኃ ቀድተው፥ በአንድ ገበያ ሸምተው፥ እየተጋቡም ጭምር አብረው ይኖራሉ። በሠርግና በለቅሶ ግን ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፤ ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም የታረደውን ይበላል፥ እስላሙም በቢስሚላህ የታረደውን ይበላል። በአንድ አዳኝ ጥይት የወደቀውን እንስሳ ለረኀብተኛ ሁሉ አድላለሁ ያለ ሰው ከተሰለፉት እኩሌቶቹን ያለ ምግብ ይመልሳል። ጾሙንም አስቡ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የሚጾምበት ቀን ተቆጥሮ ቢደመር ከዓመቱ እኩሌታ ገደማ ይደርሳል። ለተራበ ጾም የለበትም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሁዳዴ ሥጋ ወደ አፋቸው ከማድረግ ሞት የሚመርጡ አሮጊቶች እንዳሉ እናውቃለን። ሥጋ ማዕድን ይለያል፤ እንጀራና ቆሎ ግን ለሁሉ ይቆረሳል፥ ለሁሉ ይዘገናል። የዔሳውን ምስር ወደ ኋላ እንፈልገዋለን ያልሁት ስለዚህ ነው።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የከብት እልቂት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። የእርሻ በሬ አለቀ፤ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች መጣ። ዘመኑም ክፉ ቀን ተባለ። ልብ አድርጉ፤ ያ በሽታ በሬውን ብቻ አይደለም የፈጀው፤ የዱሩን ጎሽና ሌላውንም ሸሆናው የተሰነጠቀ አውሬ በየበረሃው ጣለው። ገበሬው በሬ ባጣበት ዓመት አዳኙም ጎሽ አጣ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ጠመንጃ ይዘው ወደ ዱር አልሄዱም፤ ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ንጉሥ ሲቆፍር ያየ መኰንንና ወታደር እኔ አልቆፍርም ሊል አልቻለም። እኔ ስለ ዐፄ ምኒልክ ከተጻፈው ብዙ የጦርነት ነገር ይልቅ ይህችን ዶማ አከብራታለሁ። ያ የከብት በሽታ ከብዙ ትጋት በኋላ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ታውጆአል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የወሎ ሕዝብ በረኀብ አለቀ፤ ነገሩም ለብዙ ጊዜ ተሸሽጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. እንደ ገና መጣ። ሰዎች ከየቀያቸው ተነሥተው ወደ ኮረም፥ ወደ ቆቦ፥ ወደ ወልድያ ጐረፉ። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በኮረም ያነሣውን ሥዕል ዓለም ባየ ጊዜ ከየአገሩ ስንዴ፥ ዘይትና ዱቄት መጣ። አያቶቻችሁን ብትጠይቁአቸው ስለ ስንዴው ይነግሩአችኋል፤ እስከ ዛሬ የከረጢቱን መልክ የሚያስታውሱ አሉ። ከላኩት መካከል ገበሬም፥ ነጋዴም፥ ዘፋኝም፥ የትምህርት ቤት ልጅም ነበረበት። አዳኝም ነበረበት ይሆናል፤ ነገር ግን የላከው ሥጋ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር፥ ገንዘቡም እህል ሆነ።

ስለዚህ የእኛ አገር አዳኝ ረኀብን ሊዋጋ ቢፈልግ የሚሰጠው ምን መሆን እንዳለበት ከዚህ ይታወቃል። በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚገኝ የደጋ አጋዘን አለ፤ በሌላ አገር የለም። ከውጭ አገር የሚመጣ አዳኝ አንድ አሮጌ ወንድ ለመግደል ለመንግሥት ብዙ ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይከፍላል። ከዚያም ገንዘብ አብዛኛው እጅ እንስሳው ወደሚኖርበት ክልል እንዲመለስ ተወስኖአል። ይህ ደግ ሥርዐት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከከተማ ወደ ገጠር ሲወርድ በመንገድ ላይ እንደ ክረምት ጭቃ በየእግሩ እየተጣበቀ ይቀንሳል። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ድርሻ በየቀበሌው ጎተራ እህል ሆኖ ቢገባ፥ ሲገባም ሕዝብ በተሰበሰበበት ቢሰፈር፥ ያ አዳኝ ሳያውቀው የብዙ ቤት እሳት ያነድዳል ብዬ አምናለሁ።

አንዳንድ ሰው፦ ለደስታ የተገደለ እንስሳ ዋጋ ምጽዋት ሊሆን አይገባውም ይላል። ይህን የሚለውን ሰው አልንቀውም። እኔ የምመልስለት ግን እንዲህ ብዬ ነው። በሕግና በቁጥር የተፈቀደ አደን ካለ፥ ዋጋው በአንድ ሹም ሣጥን ከሚያድር በተራበ ቤት ቢያድር ይሻላል። እንስሳው እየቀነሰ መሆኑ ከታወቀ ግን የዚያን ጊዜ ምጽዋት ለመግደል ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ለረኀብተኛ እሰጣለሁ ብሎ የመጨረሻውን አጋዘን የገደለ ሰው በሚመጣው ዓመት ምን ሊሰጥ ነው?

አንድ ሌላ ሥጋት አለኝ። የግዳይ ፉከራ ከዱር ወጥቶ ወደ ምጽዋት እንዳይገባ ነው። ቀድሞ ሰው የአንበሳውን ጎፈር ይዞ ይፎክር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከአንዲት የተጐሳቈለች እናት አጠገብ ቆሞ፥ ከረጢት ዱቄት አስይዞአት፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለዓለም የሚያሳይ ሰው አለ። ልጆች ሆይ፤ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ግዳዩ ማን እንደሆነ አስተውሉ። የወሎ ሴት ለጎረቤትዋ እህል ስታደርስ በነጠላዋ ሸፍና፥ በጨለማ፥ ዕቃ እንደምትመልስ መስላ ነው። ጎረቤቲቱም በማግስቱ በገበያ ስታገኛት ዓይንዋን አትሰብርም። የአሜሪካኖቹ ሥራ ከዚህ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ፤ ሥጋው ተፈጭቶ በከረጢት ሲታደል የትኛው አዳኝ እንደ ገደለው በላተኛው አያውቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። መስከረም ጠብቶ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከትምህርት በፊትና በኋላ ወፍ ጥበቃ ትሄዳላችሁ። በማሳው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ቆማችሁ ወንጭፍ ታጮኻላችሁ፤ ግሪሳ እንደ ደመና ሆኖ ሲመጣ፥ ዝንጀሮ ከገደል ሲወርድ ትጮኻላችሁ። ጓደኛችሁ ቆቅ ገድሎ ሲመጣ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ማማ ላይ የዋለውን ግን ማንም አያደንቀውም፤ የገደለው የለምና። ግሪሳ በብዛት በወረደ ጊዜ የአንድ ገበሬ ማሽላ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ አገዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያ ልጅ በወንጭፉ ያስቀረው እህል በዚያው ዓመት ሐምሌና ነሐሴ፥ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፥ ጎተራ ሲጠረግ ይታወቃል። በእኔ መስፈሪያ ከሆነ እርሱ ከባለ ቆቁ ይበልጣል።

በትምህርት ቤታችንም ልናደርገው የሚቻል አንድ ነገር አለ፤ ለወላጆቻችሁ ንገሩአቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ታጭዶ ሲወቃ ማማ ላይ የጠበቀ ልጅ ሁሉ ከአውድማው አንድ ቁና ብቻ ያምጣ። ሀብታሙም ድኃውም ልጅ አንድ ቁና ያምጣ፤ ያላመጣም አይጠየቅ። እህሉ በአንድ ጎተራ ይቀመጥ፤ ነቀዝ እንዳይገባበት ይታይ፤ ቁልፉን አንድ ክርስቲያንና አንድ እስላም ሽማግሌ ይያዙት። በሐምሌ ወር እህል ያለቀበት ቤት የትኛው እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ ማታ ማታ ያደርሱታል። ምጣዱ ያለ እሳት ያደረበት ቤት ልጅ በማግስቱ ከእናንተ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ሲያነብ ማን እንደ ሆነ አታውቁትም።